ደጋው የወሰደውን ጉልበት፦ ለቪትዝ ሞተር ምን እንግዛለት?

(አዲስ አበባ ውስጥ ለቶዮታ ቪትዝ መኪና ባለቤቶችና ለወጣት መካኒኮች ከተደረገ ንግግር የተጻፈ)

እንደምን ዋላችሁ ወንድሞቼ፣ እንደምን ዋላችሁ እህቶቼ። በቅዳሜ ከሰዓት፣ ያውም በዚህ ትራፊክ፣ ከአያትም ከጀሞም ተነስታችሁ ስለመጣችሁ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ግቢው ውስጥ ተደርድረው ያየኋቸው ቪትዞች ልቤን ደስ አሰኝተውታል። የአንዳንዷ ማርሚታ (የጭስ ድምፅ ማፈኛ) ተቀይሯል፣ የአንዳንዷ ቸርኬ ሰፍቷል፣ ኮፈኗ ላይ የአየር መሳቢያ የተበጀላትም አይቻለሁ። መኪናውን የሚወድ ሰው ነው እንዲህ የሚደክመው። እኔም ያንን ፍቅር ልነቅፍ አልመጣሁም። የመጣሁት ለፍታችሁ ያገኛችሁት ገንዘብ በእርግጥ ጉልበት ወደሚሆንበት ቦታ እንዲሄድ ስለምፈልግ ነው።

ጋራዥ ውስጥ ከሁሉ አብልጬ የምጠየቀው አንድ ጥያቄ ነው። "ጋሼ፣ ዳገት አልወጣ አለችኝ፣ ምን ልግዛላት?" ይሉኛል። ምን ልግዛላት! እኔ ደግሞ መልሼ እጠይቃለሁ፦ "መጀመሪያ የነበራትስ አሁን አላት ወይ?" ዛሬ የምናገረው በዚህ ጥያቄ ዙሪያ ነው። በሦስት ከፍዬ ላቅርበው። አንደኛ፣ አዲስ አበባ ላይ ሞተራችን ምን እንደሚያጣ። ሁለተኛ፣ በእንክብካቤ ጉድለት የጠፋውን እንዴት እንደምናስመልስ። ሦስተኛ፣ ከዚያ በኋላ ጉልበት መግዛት ለሚፈልግ የትኛው እንደሚያዋጣ፣ የትኛው ገንዘብ ብቻ እንደሚበላ።

ነገሩ ዛሬ ከትናንት ይበልጥ አሳሳቢ ነው። መንግሥት በ2016 ዓ.ም. የነዳጅ አውቶሞቢል ወደ አገር እንዳይገባ ከወሰነ ወዲህ በእጃችን ያለችው ቪትዝ በሌላ ቪትዝ በቀላሉ የምትተካ አይደለችም። ያላወቅነውን ዕቃ ገጥመን ሞተሩን ብናቃጥለው፣ ያገለገለ ዕቃ የሚሸጥበት ሶማሌ ተራ ሄደን የምናገኘው ሞተር ከእኛው በላይ የደከመ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ እባካችሁ በጥሞና አድምጡኝ።

አንደኛው ነጥቤ አየር ነው።

ሞተር በቤንዚን ይሠራል እንላለን። ግማሽ እውነት ነው። አንድ ኪሎ ቤንዚን በወጉ ተቃጥሎ እንዲያልቅ 14.7 ኪሎ ያህል አየር ይፈልጋል። ኪሎ ነው ያልኩት፤ አየር ክብደት አለው። ቤንዚን መጨመር ቀላል ነው፤ ቀዳዳውን ማስፋት ነው። ከባዱ ሥራ አየር ማስገባት ነው። በጃፓንም በጣሊያንም የሞተር ጉልበት ለመጨመር የተደረገው ጥረት ሁሉ፣ ቫልቩ መብዛቱም፣ ቫልቩን የሚከፍተው ካም መለወጡም፣ አየር ጨምቆ የሚያስገባው ቱርቦም፣ መጨረሻው አንድ ነው፦ ሲሊንደሩ ውስጥ ብዙ አየር ማስገባት።

እሺ፣ እዚህ ስንት አየር አለ? ጅቡቲ ወደብ ላይ የአየሩ ግፊት 101 ኪሎፓስካል ገደማ ነው። እኛ ያለነው ከባሕር ጠለል በላይ 2,355 ሜትር ገደማ ላይ ነው፤ እዚህ ግፊቱ ወደ 76 ይወርዳል። ሩቡ የለም። ልድገመው፤ ሩቡ የለም! እንጦጦ አናት ላይ ከ3,000 ሜትር በላይ ስትወጡ ደግሞ ወደ 70 ይጠጋል። ሞተራችን አፉን በነጠላ ጠምጥሞ ዳገት እንደሚሮጥ ሰው ነው። እግሩ አልደከመም፤ ትንፋሽ ነው ያጠረው።

በቁጥር እንየው። የመጀመሪያው ትውልድ ቪትዝ እ.ኤ.አ. በ1999 ስትወጣ ባለ 1.0 ሊትሯ 70 የፈረስ ጉልበት ነበራት። አዲስ አበባ ላይ ከ53 ብዙም አታልፍም። ባለ 1.3 ሊትሯ 87 ገደማ ተብላ ተሠርታ እዚህ 65 አካባቢ ታወጣለች። ባለ 1.5 ሊትሯ ስፖርታዊ ሞዴል አርኤስ ከ109 ገደማ ወደ 82 ትወርዳለች። አያችሁ? አዲስ አበባ ላይ ያለችው 1.5 ጅቡቲ ላይ ያለችውን 1.3 አታክልም። ይህ የመኪናዋ ብልሽት አይደለም፣ የመካኒኩም ጥፋት አይደለም። ደጋው ነው የወሰደው።

አብዛኞቻችን 1.0 እና 1.3 የምንነዳው ለምንድን ነው? በ1995 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ እስከ 1,300 ሲሲ (1.3 ሊትር) ለሆነ ሞተር 30 በመቶ፣ ከዚያ በላይ እስከ 1,800 ሲሲ 60 በመቶ፣ ከ1,800 ሲሲ በላይ ደግሞ 100 በመቶ ያስከፍል ነበር። በ2012 ዓ.ም. እስኪለወጥ ድረስ የቆየው ይኸው ነው። አየር ባነሰበት አገር ትንሹን ሞተር እንድንገዛ ቀረጡ ገፋን። እኔ ይህ ነገር ሁልጊዜ ይቆጨኛል። ቀረጡን የጻፈው ሰው ሲሲውን ቆጠረ፤ ከፍታውን አልቆጠረም።

አንድ ታሪክ ልንገራችሁ። አጎቴ ዲኤክስ ነበረችው፣ ያቺ ባለ 4ኬ ሞተር፣ ባለ ካርቡራተር ኮሮላ። ልጅ ሆኜ ዘመድ ጥየቃ ወደ ድሬዳዋ ይዞኝ ይሄድ ነበር። አዋሽ ስንደርስ መኪናዋ ትለወጣለች። አዲስ አበባ ላይ የምታቃስተው መኪና ቆላ ስትወርድ ትፈነጥዛለች። ግን ዳገት ላይ ነዳጅ ሲረግጥ ሞተሯ "ቂጭ ቂጭ ቂጭ" ማለት ትጀምራለች። አጎቴ ወዲያው ጥግ ይዞ ይቆማል፣ ኮፈኑን ይከፍታል፣ የዲስትሪቢውተሩን (የብልጭታ አከፋፋዩን) ብሎን ያላላና በጣቱ ጥቂት ወደ ኋላ ያዞረዋል። ከዚያ መልሶ ያጠብቀዋል። ስንመለስም ደጋ ላይ ወደ ቦታው ይመልሰዋል። "ልጄ፣ ደጋ ላይ ብልጭታው ቀደም ማለት አለበት፤ ቆላ ግን አየሩ ወፍራም ነው፣ ከቀደመ ያንኳኳል" ይለኝ ነበር። ትምህርት ቤት ገብቼ ምክንያቱን ስማር አጎቴ አንድም ነገር እንዳልተሳሳተ አየሁ። አየሩ ሲሳሳ ቃጠሎው ይዘገያል፣ በራሱ የመፈንዳት አደጋውም ይቀንሳል።

የእናንተ ቪትዝ ይህን ሁሉ ራሷ ትሠራዋለች። የሚገባውን አየር የሚለካ ሴንሰር አላት፣ ማንኳኳቱን የሚሰማ ሴንሰር አላት፤ ኮምፒውተሯ ነዳጁንም ብልጭታውንም በየቅጽበቱ ያስተካክላል። የማትችለው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ የሌለውን አየር መፍጠር። ከዚሁ ጋር፣ ጠርሙስ ውስጥ የሚሸጠውን የኦክቴን ማሳደጊያ (ሞተሩ እንዳያንኳኳ ቤንዚን ላይ የሚጨመረውን) ለፋብሪካ ቪትዝ አዲስ አበባ ላይ የምትጨምሩ ካላችሁ ተዉት። ደጋው ራሱ ከማንኳኳት ጠብቋችኋል። ገንዘቡን ለዘይት አውሉት።

ስለ ራዲያተርም በዚሁ ልናገር፣ ምክንያቱም ይኸው የአየር ጉዳይ ነው። አዲስ አበባ ላይ ውኃ የሚፈላው በ100 ዲግሪ አይደለም፤ በ92 ገደማ ነው። ቤታችሁ ሽሮ ስትሠሩ ምናልባት አታስተውሉትም፤ ሞተር ግን ያስተውለዋል። ሞተሩ በመደበኛ ሥራው 90 አካባቢ ነው የሚኖረው። ውኃው እንዳይፈላ የሚጠብቀው የራዲያተሩ ክዳን የሚይዘው ግፊት ብቻ ነው። የክዳኑ ላስቲክ ከሞተ ፈላ ማለት ነው። ስንት ሰው ቴስታታው (የሞተሩ ራስ) ተጣሞ፣ ጓርኒሲዮኑ (በብሎኩና በቴስታታው መካከል ያለው ማሸጊያ) ተቃጥሎ ወደ እኔ መጣ መሰላችሁ! ክዳኑ ግን ከአንድ ታንክ ቤንዚን ያነሰ ዋጋ ነበረው። ደግሞ የቪትዝ ሞተር ቴስታታው አልሙኒየም ነው፤ የቧንቧ ውኃ ይበላዋል። ኩላንት አድርጉ። ክረምት በጋ ሳትሉ ኩላንት አድርጉ።

ሁለተኛው ነጥቤ፣ የጠፋውን ማስመለስ።

ደጋው ሩቡን ወሰደ። ይህን በእንክብካቤ አናስመልሰውም። ነገር ግን ብዙዎቹ ወደ እኔ የሚመጡ መኪኖች ከዚያ ሩብ በላይ አጥተዋል። ይኸኛው በእጃችን ያለ ነው፤ ከምትገዙት ማናቸውም ዕቃ በፊት የሚመጣውም ይኸው ነው።

መነሻው ኮምፕሬሽን፣ ማለትም ሲሊንደሩ አየሩን ጨምቆ የሚያደርሰውን ግፊት፣ መለካት ነው። ካንዴላዎቹን ማውጣት፣ መለኪያውን መግጠም፣ ነዳጅ እስከ መጨረሻ ረግጦ ሞተሩን በሞተሪኖ ማዞር፣ አራቱንም መጻፍ። ግማሽ ሰዓት አይፈጅም። እናንተ ወጣት መካኒኮች፣ ይህን የምናገረው በተለይ ለእናንተ ነው፤ መጽሐፉ ላይ ያለው ቁጥር የባሕር ጠለል ቁጥር ነው! ባሕር ጠለል ላይ 200 ፒኤስአይ (የግፊት መለኪያ ነው) የሚያሳይ ጤነኛ ሞተር አዲስ አበባ ላይ 150 ገደማ ነው የሚያሳየው። ለምን? ሲሊንደሩ መጭመቅ ሲጀምር በውስጡ ያለው አየር አስቀድሞ ሩብ ያነሰ ስለሆነ። ሞተሩ አልሞተም። ፋሻው (የፒስተኑ ቀለበት) አልተበላም። አየሩ ነው።

አንዲት እህታችን የመጀመሪያ ትውልድ ባለ 1.3 ቪትዝ ይዛ መጣች። ሌላ ጋራዥ "ሞተሩ መውረድ አለበት፣ ፋሻ በልቷል" ብሏት ዋጋ ተነግሯት፣ ዕቁብ ልትጥል እያሰበች ነበር። ኮምፕሬሽኑ የተለካበትን ወረቀት አሳየችኝ። አራቱም ሲሊንደሮች ተቀራርበው 150 እና ጥቂት ነበሩ። መካኒኩ ቁጥሩን ከመጽሐፉ ጋር አስተያይቶ ፈረደባት። እኔ ሳየው ግን ይህ ለዚህ ከተማ ጤነኛ ሞተር ነው። አራቱ እኩል ናቸው፤ መታየት ያለበት እሱ ነው። አንዱ ከሌሎቹ በጣም ቢያንስ ኖሮ ሌላ ነገር ነበር።

ታዲያ ለምን ደከመች? ዘይቱን አወጣን፤ እንደ ሬንጅ ጠቁሯል፤ ደግሞ ወፍራም 20ደብሊው-50 ነበር። ቪቪቲ-አይ የሚባለው ሥርዓት የመሳቢያ ቫልቮቹን የመክፈቻ ጊዜ የሚያስተካክለው በዘይት ግፊት ነው። ዘይቱ የሚያልፍበት ትንሽ ወንፊት አለ። አወጣነው። በጭቃ ተደፍኗል። አጠብነው፣ 5ደብሊው-30 ዘይትና አዲስ ፊልትሮ አደረግን። ዳገት ላይ ነድታት ስትመለስ ፊቷ ላይ ያየሁትን ደስታ ልነግራችሁ አልችልም። የሞተር ማውረጃው ዋጋ የዚያ ሥራ ብዙ እጥፍ ነበር። እስኪ ንገሩኝ፣ ይቺ ልጅ በዚያ ጊዜ የስፖርት ማርሚታ ብትገዛ ኖሮ ምን ይጠቅማት ነበር?

የቀሩትን በችኮላ ልጥቀሳቸው። የተደፈነ የጭስ ማጣሪያ ሞተሩን ከኋላ ያንቀዋል፤ ሞተሩ ዝቅ ባለ ዙር ደህና ሆኖ ሲረገጥ "አልወጣም" ካለ እሱን ጠርጥሩ። የአየር መለኪያው ሴንሰር ላይ አቧራ ከተለጠፈ ኮምፒውተሩ ይታለላል፤ ለእሱ በተሠራው ስፕሬይ ብቻ ይጸዳል፣ በጨርቅ አይነካም። ያረጀ ካንዴላ፣ የቆሸሸ ኢንጀክተር፣ ነፋስ ያነሰው ጎማ፣ የሚይዝ የኋላ ፍሬን፤ እያንዳንዱ ጥቂት ጥቂት ይወስዳል።

አንድ ነገር ግን በችኮላ አላልፍም፤ አነዳድ። በቶዮታ ወረቀት ላይ የተጻፈው የፈረስ ጉልበት በደቂቃ 6,000 ዙር ላይ የሚገኝ ነው። እኛ በ2,000 ዙር አራተኛ ማርሽ አስገብተን ዳገት እንወጣና "ደከመች" እንላለን። ዝቅ ባለ ዙር ላይ መርገጥ ለሞተሩ ጭንቅ ነው። በሁለተኛ ማርሽ 4,000 ዙር ላይ መውጣት ግን ለጤነኛ ሞተር ምንም አይደለም፤ የተሠራው ለዚያ ነው። "ሞተሩ ጮኸብኝ፣ ይጎዳል" የሚል ፍርሃት አለ። ዘይቱ ትክክል ከሆነና ሙቀቱ ከተጠበቀ አይጎዳም። ደጋ ላይ ያለን ሰዎች ማርሽ ዝቅ ማድረግን ካልለመድን ያለንን 65 የፈረስ ጉልበት እንኳ ሳንጠቀምበት እንቀራለን።

አሁን ሦስተኛው፣ ሁላችሁም የምትጠብቁት። ጉልበት ልግዛ ለሚል ሰው ምን ይሻለዋል?

ከርካሹ ልጀምር። ክፍቱ የአየር ፊልትሮ፣ ያ ሾጣጣው። ንጹሕ የፋብሪካ ፊልትሮ በሙሉ ነዳጅ ላይ የሚፈጥረው መታፈን ጥቂት ኪሎፓስካል ብቻ ነው። ደጋው የወሰደብን ግን 25 ነው። ስለዚህ ፊልትሮው ፍጹም ቢሆን እንኳ የሚመልሰው ያችን ጥቂቷን ብቻ ነው። ደግሞ የት ነው የሚገጠመው? ኮፈኑ ስር። ትራፊክ ላይ ቆማችሁ ሳለ እዚያ ውስጥ 60 ዲግሪ ቢደርስና ውጪው 20 ቢሆን፣ ሞተሩ የሚስበው አየር ከውጪው 12 በመቶ የሳሳ ነው። ጉልበት ገዛሁ ብላችሁ ጉልበት ከፈላችሁ ማለት ነው። የፋብሪካው ሳጥን ከፊት በኩል ቀዝቃዛ አየር እንዲስብ ተደርጎ ነው የተሠራው። ድምፁ ያምራል የሚል ካለ፣ አዎ ያምራል፤ ለድምፅ መክፈል መብታችሁ ነው። ግን የኮብልስቶኑን አቧራ አስታውሱ። በክፍቱ ፊልትሮ አልፎ የሚገባ አቧራ ሲሊንደሩን ይፍቀዋል።

ማርሚታውም ያው ነው። ትልቅ ቱቦ በ1.3 ሊትር ሞተር ላይ ድምፅ እንጂ ጉልበት አይሰጥም። በወጉ የተሠራ የጭስ መሰብሰቢያ ከሞተሩ እስከ ኋላ አብሮ ከተቀየረ ጥቂት የፈረስ ጉልበት ያስገኛል፤ ጥቂት ነው፣ እውነቱን ልንገራችሁ። ወገኖቼ፣ ሌሊት በሰፈር ውስጥ የሕፃን እንቅልፍ የሚቀማ ድምፅ ለዚያች ጥቂት አይገባም።

በምርመራ መሰኪያው ላይ የሚሰካው "ቺፕ"፣ 30 በመቶ ጉልበት ይጨምራል እየተባለ የሚሸጠው፣ ከፍታችሁ ብታዩት ብዙዎቹ ውስጥ የምታገኙት የሚያበራ መብራት ብቻ ነው። ኮምፒውተሩን በእርግጥ የሚያስተካክል ባለሙያ ቢገኝ እንኳ ቱርቦ በሌለው ሞተር ላይ የሚገኘው ጥቂት በመቶ ነው። ኢሪዲየም ካንዴላም ጉልበት አይጨምርም፤ ጥቅሙ ዕድሜው ረጅም መሆኑ ነው። ሰፊ ከባድ ቸርኬ ደግሞ ጉልበት ይቀንሳል፤ መኪናዋ በተነሳች ቁጥር ሞተሩ ያንን ክብደት ማዞር አለበት፣ የጎማው ዙሪያ ካደገ ደግሞ ማርሾቹ ሁሉ እንደረዘሙ ይቆጠራል። ጉልበት የምትፈልጉ ሰዎች፣ ቀላል ቸርኬ ፈልጉ።

እዚህ ላይ ከጃፓን አንድ ነገር ላምጣላችሁ። እዚያ ለቪትዝ ብቻ የተዘጋጀ ኔትዝ ካፕ የሚባል ውድድር ነበር። ሰዎች የሚሳተፉት ታርጋ ባላት፣ በአዘቦት ቀን መንገድ ላይ በሚነዷት ቪትዝ ነው። ሞተሩን መነካካት አይፈቀድም። ብትገለበጥ ነጂውን የሚጠብቀው የውስጥ ብረት፣ አሞርዛተርና ጎማ ላይ ነው ሥራው። መኪናዋን የሠሯት ሰዎች አገር፣ ፈጣን ለመሆን መጀመሪያ የነኩት ሞተሩን አይደለም! አሞርዛተራችሁ የደረቀ፣ ጎማችሁ ያረጀ ከሆነ ኩርባ ላይ የምታጡትን ፍጥነት የትኛውም ሞተር አይመልስላችሁም።

ከዚያ ፍሬን። ከጎሃ ጽዮን አባይ በረሃ የወረደ ሰው ያውቀዋል። ከሺህ ሜትር በላይ ቁልቁለት ነው። የፍሬን ዘይት ከአየር ውስጥ እርጥበት ይጠጣል፤ ካረጀ በሙቀት ይፈላና ፔዳሉ ወደ ታች ይገባል። በየሁለት ዓመቱ ይቀየር። ደረጃው ዶት 4 ይሁን። ሸራውና ዲስኩ ይታይ። ይህ ሳይሆን ጉልበት ለመጨመር የሚመጣ ሰው ከእኔ ጋራዥ ሥራ አያገኝም፤ ቅር ይበለው፣ በሕይወት ይኑርልኝ።

አሁን እውነተኛው ጉልበት። ደጋው የወሰደውን በእርግጥ የሚመልሱት ሁለት መንገዶች ናቸው፦ ትልቅ ሞተር ወይም ቱርቦ። ሌላ የለም።

ትልቁን ሞተር እኔ እመርጠዋለሁ። ግን ከመግዛታችሁ በፊት ብሎኩ ላይ የተጻፈውን ኮድ አንብቡ። የመጀመሪያው ትውልድ ባለ 1.3 ቪትዝ ሞተር 2ኤንዜድ ነው። የአርኤስ 1.5 ሞተር 1ኤንዜድ ነው። ወንድማማች ናቸው፤ የሲሊንደራቸው ስፋት ያው 75 ሚሊሜትር ነው፣ የሚለዩት በፒስተኑ ጉዞ ነው፤ አንዱ 73.5፣ ሌላው 84.7 ሚሊሜትር። ቶዮታ ራሱ ሁለቱንም በዚያው አካል ውስጥ ገጥሞ ሸጧል። ስለዚህ የሞተሩ መቀመጫ ለብቻ አይበየድም፣ ሻንሲ አይቆረጥም። 65 የነበረው 82 ይሆናል፤ ዳገት ላይ ደግሞ ከፈረስ ጉልበቱ ይበልጥ ዝቅ ባለ ዙር የሚሰጠው ጉተታ ይሰማችኋል። የሞተሩ የራሱ ኮምፒውተርና የሽቦ መስመር አብሮ ይምጣ፤ ሞተሩን ብቻ ገዝታችሁ አትምጡ።

ሁለተኛው ትውልድ ላይ ግን ጥንቃቄ! በፊት ጎማ የምትጎተተዋ ባለ 1.3 ቪትዝ ሞተሯ 2ኤስዜድ ነው። ሲሲው ሊመሳሰል ምንም አልቀረውም፣ ስሙም 1.3 ነው፣ ዘሩ ግን ሌላ ነው። የኤንዜድ ዕቃ አይገጥምለትም። 1.0 ሊትሯ ደግሞ ባለ ሦስት ሲሊንደር 1ኬአር ሆናለች። "ቪትዝ ነው፣ ይገጥማል" ብሎ የሚሸጥላችሁን ሰው ኮዱን አሳየኝ በሉት።

ሌላም አለ። የሞተር ቁጥሩ ሊብሬው ላይ ተጽፏል። ሞተር የቀየረ ሰው ቁጥሩን ሳያስመዘግብ ቢነዳ ቦሎ ላይም፣ መኪናውን ሲሸጥም፣ አደጋ ቢደርስም ይያዛል። ከመግዛታችሁ በፊት ትራንስፖርት ቢሮ ሄዳችሁ የሚፈለገውን ወረቀት ጠይቁ፤ የሞተሩን የግዢ ደረሰኝ ያለማቅማማት ጠይቁ። ደረሰኝ የሌለው ሞተር አትንኩ።

ቱርቦን በመጨረሻ ያስቀመጥኩት ስለምጠላው አይደለም። ለደጋ አገር ከቱርቦ የተሻለ ፈጠራ የለም፤ የጎደለውን አየር ጨምቆ ያስገባል። ቶዮታ ራሱ እ.ኤ.አ. በ1989 ስታርሌት ጂቲ ላይ በ1.3 ሊትር ሞተር 135 የፈረስ ጉልበት አወጣ። ቲአርዲ የሚባለው የቶዮታ የስፖርት ክፍል ደግሞ የቪትዝን 1.5 ሞተር በቱርቦ 150 አድርሶታል። ይቻላል። ግን እንዴት አደረጉት? የስታርሌቱን ሞተር መጭመቂያ ምጣኔ፣ ማለትም ሲሊንደሩ የገባውን አየር ስንት እጥፍ እንደሚጨምቀው፣ ቱርቦ ከሌለው ወንድሙ 9.6 ወደ 8.2 አወረዱት። ማቀዝቀዣ ጨመሩለት። ኢንጀክተሩን፣ ኮምፒውተሩን ሁሉ ለእሱ ሠሩለት። የእናንተ 1ኤንዜድ መጭመቂያው 10.5 ነው።

እና አንድ ስሌት ጻፉ። ብዕር ያላችሁ ጻፉ። የቱርቦ ሜትር የሚያሳየው ከአካባቢው አየር በላይ ያለውን ግፊት ነው። አዲስ አበባ ላይ ሜትሩ 0.5 ባር ሲል፣ 76 እና 50፣ ሞተሩ የሚያገኘው 126 ኪሎፓስካል ነው። ግማሹ የደጋውን ዕዳ ከፈለ፤ የተረፈው ሌላው ግማሽ ብቻ ነው። እዚህ ተስተካክሎ፣ ምንም ሳያንኳኳ፣ ወር ሙሉ ተነዳ እንበል። ከዚያ ለፋሲካ ወደ ድሬዳዋ ጉዞ ሆነ። አዋሽ ላይ አየሩ 90 ገደማ ነው። ሜትሩ ያው 0.5 ነው የሚለው። ሞተሩ የሚያገኘው ግን 140 ሆነ። ነጂው ምንም አልነካም፣ ሜትሩም ምንም አላለም። የአጎቴ ዲኤክስ ስታንኳኳ ትጮህ ነበር፤ ቱርቦ ያለው ሞተር ሲያንኳኳ ግን አንዳንዴ ከመስማታችሁ በፊት ፒስተኑ ይበሳል። ስለዚህ ቱርቦ የሚገጥም ሰው ማስተካከሉን ለሚሄድበት ዝቅተኛ ቦታ ያድርግ እንጂ ለአዲስ አበባ ብቻ አያድርግ። የነዳጁንና የብልጭታውን ካርታ በመለኪያ እያየ የሚሠራላችሁ ባለሙያ እስክታገኙ ድረስ ቱርቦውን ሳጥኑ ውስጥ አቆዩት። ይህንን የምለምናችሁ ነው።

ንግግሬ ይኸው ነው። ጥያቄዎቻችሁን አሁን እቀበላለሁ፤ ከዚያ ወደ ግቢው እንወጣለን። የኮምፕሬሽን መለኪያውን ይዤ መጥቻለሁ፣ የካንዴላ ቁልፍም አለኝ። ሞተሩ ሙቅ የሆነ መጀመሪያ ይቅረብ፤ የአራቱንም ሲሊንደር ንባብና የሞተሩን ኮድ በወረቀት ጽፌ እሰጣችኋለሁ፣ ወጣት መካኒኮችም መለኪያውን በእጃችሁ ትይዛላችሁ። አመሰግናለሁ።